የሙከራው ድንጋይ

«ከፎቶው ሥር ‹ለእናቱ ታዛዥ፣ ለሚስቱ አሳቢ› ብለሽ ጻፊበት» አላት የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም፣ የወንድሙን ፎቶ በስልኩ እያሳያት። «ፊደሉ ደመቅ ይበል።»

ፔርሙሱን እንደያዘች ቆማ አየችው። «ከማሽኑ ሥር ወድቆ የሞተውን ሰው በዚያው ማሽን ልቅረጸው?»

«ታዲያ ካንቺ የተሻለ ቀራጭ ከየት ላምጣ?»

ፔርሙሱን አስቀምጣ ወደ ሥራ ክፍሉ ሄደች፤ እውነቱን ለመናገር ከሳሎኑ መውጣቷ ራሱ እፎይታ ነበር። ከቀብሩ ጀምሮ የመጣው ሁሉ «አይዞሽ፣ አልቅሺና ይውጣልሽ» ይላታል። እንባው ግን አልመጣም። የመጣው ንዴት ነው። ሻይ እየጠጡ በሚንሾካሾኩት ሴቶች ትናደዳለች፣ እንግዳ በገባ ቁጥር ስለ አበባ ጉንጉን በሚያወራው ወንድሙ ትናደዳለች። ከሁሉም በላይ የምትናደደው በሟቹ ነው፤ ይህን ደግሞ ለማንም መናገር አይቻልም።

የሥራ ክፍሉ ከሳሎኑ የሚለየው በአንድ ስስ ኮምፔርሳቶ ነው። ባልና ሚስት አብረው የሠሩት እዚያ ነው። እሷ ንድፉን በኮምፒውተር ታወጣለች፤ እሱ ስሌት የሚባለውን በስሱ የሚሰነጠቅ ጥቁር ድንጋይ ቆርጦ ከሌዘር መቅረጫ ማሽኑ ሥር ያጋድማል። ሌዘሩ እንጨትን ያጠቁራል፣ ይህን ድንጋይ ግን ያነጣዋል። ስለዚህ ፎቶ ሲሆን ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ተደርጎ መገልበጥ አለበት። አንዴ ረስቶት የአንድ ሙሽራና ሙሽሪት ጸጉር ሸብቶ፣ ጥርሳቸው ከሰል መስሎ ወጣ። እሱ ሆዱን ይዞ ሲስቅ፣ ሥራውን እንደገና የሠራችው እሷ ነበረች።

ፎቶውን ገለበጠች፣ ድንጋዩን አጋደመች፣ የጭስ መሳቢያውን ማራገቢያ አበራች። እንደ ልማዱ አጓራ።

ያ ማራገቢያ የባሏ መደበቂያ ነበር። ደረቱን መያዝ ከጀመረ ወዲህ በሩ ላይ እየቆመች «ሐኪም ቤት ሂድ» ትለዋለች። እሱ ዞር አይልም። ኋላ ላይ ወጥቶ «ምን አልሽኝ? ይሄ ነገር እኮ ጆሮ ያደነቁራል» ይላታል። በሞተበት ዕለት ጠዋትም ከዚያው በር ላይ ጮኻበት የደንበኛ ትእዛዝ ልታደርስ ወጣች። ስትመለስ እሱ ወድቋል፣ ማራገቢያው ይዞራል። «አልሰማኝም ነበር» በሚለው ነው እስካሁን ራሷን ያቆየችው።

ሌዘሩ ግንባሩን መቅረጽ ጀመረ። ያን ጊዜ የአማቷ፣ የባሏ እናት፣ ድምፅ ከግድግዳው ማዶ መጣ፣ ዝግ ብሎ፣ ግን ቃሉ ሁሉ ጥርት ብሎ።

«ሚስት እያለው! አንድ ቀን እንኳ ሐኪም ቤት ሂድ የሚለው ሰው ይጣ?»

«እሷም ያው ሥራ ሥራ ነው» አለች አንዷ ጎረቤት።

ወጥታ ልትጮህባቸው ፈለገች። ወዲያው ደግሞ ከሐሜቱ የባሰ ነገር ገባት። ማራገቢያው እየጮኸ፣ ግድግዳ መሃል ላይ ቆሞ፣ ሹክሹክታውን አንድም ቃል ሳይቀር ሰምታዋለች። እሷ ግን ትጮህ የነበረው ከበሩ ላይ ነው።

ማሽኑን አቆመች። ሰውየው ከቅንድቡ በላይ ብቻ ተቀርጾ ቀረ።

ድንጋይ ሁሉ አንድ ዓይነት ስላልሆነ የሌዘሩ ኃይል አስቀድሞ በስብርባሪ ላይ ይሞከራል። ሌላ ቀራጭ ትንንሽ አራት ማዕዘን ይሞክራል። ባሏ ግን የሚሞክረው የእሷን ጭቅጭቅ እየቀረጸ ነበር። ከጠረጴዛው ሥር ያለው ሣጥን በዚያ የተሞላ ነው፦ «እራቱ ቀዘቀዘ»፣ «ስልክህን አንሳ»፣ «ጫማህን አውልቀህ ግባ»። ስንት ጊዜ አስቆታል፣ አስቋታልም።

የመጨረሻው ድንጋይ ግን ሣጥኑ ውስጥ አልነበረም። ከማሽኑ ጎን፣ ያን ዕለት ባስቀመጠበት ቦታ፣ ገና ፊደሉን የሚያደምቀው ዘይት ሳይቀባ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። በእጇ ጠረገችው።

«ዛሬ ሐኪም ቤት ካልሄድክ ሁለተኛ አታናግረኝ።»

ዙሪያውን በአበባ ሐረግ አስጊጦታል።

«አንተ ውሸታም» አለችው፣ በድንጋዩ ላይ ለቀረው ግንባር። «ሰምተሃል።»

ሳሎን ገባች። የሙከራውን ድንጋይ አማቷ ፊት ካለው ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። አሮጊቷ እዚህ ቤት ከሚሠራው የብርጭቆ ማስቀመጫ አንዱ መስሏቸው የሻይ ብርጭቋቸውን ሳቡና ላዩ ላይ አስቀመጡ።

«ብርጭቆውን ያንሱና ያንብቡት፣ እማማ።»

«መነጽሬን አልያዝኩም። ምንድን ነው የሚለው?»

ወንድምየው ጎንበስ ብሎ፣ ብርጭቆውን ወደ ድንጋዩ ጫፍ ገፋ አድርጎ አነበበላቸው።

«ይሄን ያለው ማነው?» አሉ አሮጊቷ።

«እኔ ነኝ» አለች። «በሞተበት ቀን ጠዋት። የጻፈው ልጅዎ ነው። ሰማኝ፣ ቁጭ ብሎ አበባ ሣለበት፣ ሳይሄድ ቀረ።»

ጠብ ትጠብቅ ነበር፤ እንዲያውም ቋምጣለች።

«ለኔ ሄጃለሁ ነው ያለኝ» አሉ አሮጊቷ ግን። «በስልክ። ‹ዶክተሩ የፈረስ ልብ ነው ያለህ አለኝ› ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ሞኟ ደስ ብሎኝ አደርኩ።»

«እማዬ፣ ሰው ፊት...» አለ ወንድምየው።

«ዝም በል አንተ።» ወደ ምራታቸው ዞሩ። «ፎቶው ሥር ታዛዥ የሚለውን አውጪው።»

«አሳቢ የሚለውስ?» አለ ወንድምየው።

«እሱን እሷን ጠይቅ።»

«እሱም ይውጣ» አለች።

አሮጊቷ ብርጭቆውን አነሡ። የፈሰሰው ሻይ ፊደሎቹን ከቦ ነበርና በሻርፓቸው ጫፍ ጠረጉት። ድንጋዩ ሲደርቅ ጽሑፉ ደበዘዘ፤ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ሊያዩት ሞከሩ፣ አልታያቸውም።

ሚስቲቱ ወደ ሥራ ክፍሉ ተመልሳ ገባችና ዘይት የነከረውን ጨርቅ ይዛ መጣች። ዘይት መቀባት ሁልጊዜ የእሱ ሥራ ነበር። ከአማቷ አጠገብ ተቀመጠች፣ ድንጋዩን ከእጃቸው ወስዳ ጭኗ ላይ አደረገችው። ከአበቦቹ ጀምራ፣ ከሚያስፈልገው በላይ እየተጫነች፣ ትቀባው ጀመር።