ኢንስፔክተሩና የሐዲዱ መታጠፊያ

«መዞርማ አውድማ ላይ ያለ በሬም ይዞራል!» አሉ ኢንስፔክተሩ፣ የልጆቹ ክፍል መቃን ላይ ተደግፈው። «እኔ የጠየቅሁት ይሄ ባቡር የት ይሄዳል ነው። ከዚህ ተነሥቶ እዚሁ ይደርሳል። ለዚህ ነው ልጆቹን እንዲህ ያስጎመጀሃቸው?»

«ጋሼ፣ ጠረጴዛ ላይ ያለ ባቡር ከጠረጴዛ ወዲያ የት ይሂድልዎ?» አለ የእህታቸው ባል፣ ከተንበረከከበት ወረቀት ቀና ሳይል።

«እሱን ፕላን አውጪው ይወቀው! እኔ ዐይን ያለኝ ሰው ነኝ፤ ያየሁትን እናገራለሁ።»

«ዐይንህስ ደግ ነበር፤ ምላስህ ነው እንጂ» አለች እህታቸው ከወጥ ቤት።

ልጆቹ ተንከተከቱ። ኢንስፔክተሩ ሳቁን ለራሳቸው ቀልድ የተሰጠ አድርገው ተቀበሉትና ቀጠሉ። «ለመሆኑ ግድብ ነው የምትሠራው? አንድ ሐዲድ እንኳ መሬት አልነካም፤ ወረቀቱ ላይ ግን ባቡሩ ወልዶ ከብዷል።»

«መድኃኒት ሳይለካ አይሰጥም፣ ጋሼ።»

«እስክትለካ በሽተኛው ሞተ!»

ሰውየው ፋርማሲስት ነው። ሲናገር እንደ መድኃኒት መመሪያ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ፣ ማንም ያልጠየቀውን ጭምር። የመጫወቻ ባቡሩን የሰጠው የራሱ ልጆች ያደጉበት አንድ ወዳጁ ነበር፤ ራስ የሚባለው ሞተሩ፣ ጥቂት ፉርጎዎች፣ በካርቶን ሙሉ ሐዲድና አንዲት ቀጭን መመሪያ። ሌላ አባት ቢሆን ያን ዕለቱኑ ወለሉ ላይ ገጣጥሞ ያስነዳ ነበር። ፋርማሲስቱ ግን ልጆቹን አስቀምጦ «መጀመሪያ ፍላጎታችሁን ንገሩኝ» አላቸው። በቤቱ ስሟ ዳኛ የሆነችው ትልቋ፣ ሰው ወረፋ የሚይዝበት ጣቢያና ወረፋ ለሚጥስ ቅጣት ፈለገች። ታናሽየው ድምቡሼ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ግጭት» አለ።

«በደንብ በታቀደ መስመር ላይ ባቡር አይጋጭም።»

«ታዲያ ምን ያደርግልናል?»

ኢንስፔክተሩ ይህን ሲሰሙ፣ በዚህ ቤት አእምሮው የሚሠራ ሰው ድምቡሼ ብቻ ነው ብለው ነበር።

ኢንስፔክተር የሚባሉት በቅጽል አይደለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ሲዞሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የተሰነጠቀ መስታወት፣ የተጣመመ ሰሌዳ፣ ጠመኔ አያያዝ የማያውቅ መምህር ከእሳቸው ዐይን አምልጦ አያውቅም። ጉድለት ያላገኙበት ትምህርት ቤት አለ ከተባለ እሳቸው ያልረገጡት ነው። ጡረታ ሲወጡ «ለጥቂት ጊዜ» ብለው ታናሽ እህታቸው ቤት ገቡ። የልጆቹ ክፍል በቺፑድ ግድግዳ ለሁለት ተከፈለና ግማሹ ተሰጣቸው። ጥቂት ጊዜውም እንደ ላስቲክ ተለጠጠ። ዛሬ ያቺ ከቺፑዱ ወዲያ ያለች ጠባብ ክፍል፣ ከነአልጋዋ ከነመስኮቷ፣ በዚህ ዓለም የቀረቻቸው ቦታ ናት። እሱን ግን ትንፍሽ አይሉም። «ለእናንተ ብዬ እንጂ እኔማ የምሄድበት ሞልቶ» ነው የሚሉት፤ በተለይ ሾርባው ጨው ሲያንሰው።

ፕላኑ ተጠናቀቀ፤ ጠረጴዛውም በኮምፔንሳቶ ተሠራ። ከዚያ ተራራ መጣ። ፋርማሲስቱ የሽቦ ወንፊት አጎበጠና ከመድኃኒት ቤቱ ያመጣውን፣ ስብራት የሚታሰርበትን ጀሶ ፋሻ እያራሰ ደረበበት። ልጆቹ እስከ ክርናቸው ነጡ። ኢንስፔክተሩ ብቅ አሉ።

«ምነው፣ ተራራው እግሩን ተሰበረ እንዴ?»

ድምቡሼ መሬት ላይ ተንከባለለ። ዳኛ እንኳ ፍርዷን ረስታ ሳቀች። ኢንስፔክተሩ ደስ አላቸው፤ ደስታቸውን ግን በመሐረብ አፍንጫቸውን እየጠረጉ ደበቁት። በማግስቱ «የታመመው ተራራ እንዴት አደረ?» ብለው መጡ፤ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። በሦስተኛው የሳቀላቸው የለም። ድምቡሼ ጀርባውን እንደሰጠ «አጎቴ፣ ሰምተነዋል» አላቸው።

ይቺ ቃል ከነከነቻቸው። ቀልዱ ካለቀ የቀረው ሙያቸው ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ዘመድ ጥየቃ የወጣ ቀን ወንበራቸውን ወደ ልጆቹ ክፍል ወሰዱ፤ መነጽራቸውን ወለወሉ፤ ያቺን ቀጭን መመሪያ እንደ ርእሰ መምህር መዝገብ ገልጠው ይመረምሩ ጀመር። ያነበቡት ለመረዳት አይደለም። ለመያዝ ነው።

ያዙም። የሐዲዱ መታጠፊያ ልክ በሥዕል ተቀምጧል፤ ቀስቷ ከክቡ መሐል ተነሥታ ሐዲዱ ላይ ታበቃለች። ፋርማሲስቱ ደግሞ ያንኑ ቁጥር ከዳር እስከ ዳር አድርጎ ወስዶ ጠረጴዛውን በዚያው ልክ ቆርጧል። ሐዲዱ ገና ተገጣጥሞ ስላልተሞከረ ማንም አልነቃም። የቀኑን መጠን በአንድ ጊዜ የሚያስውጥ ፋርማሲስት ወኅኒ ይወርዳል፤ ይሄ ግን የዙሩን እኩሌታ ሙሉ ነው ብሎ ተራራ ጭኖበታል። ኢንስፔክተሩ መመሪያዋን ዘጉ። ከጡረታ ወዲህ እንዲህ ያለ ቀን አልገጠማቸውም።

እነባልየው ሲመለሱ ጫማቸውን እስኪያወልቁ አልጠበቋቸውም።

«ና እስቲ፣ ወንድሜ። ይቺ ቀስት ከየት ተነሥታ የት ትደርሳለች?»

ፋርማሲስቱ አየ። ሁለት ጊዜ አየ።

«ሬዲየስ!» አሉ ኢንስፔክተሩ። «አንተ ዲያሜትር አደረግኸው። ባቡርህ ጠረጴዛው ላይ ሊታጠፍ ቢል ግማሽ አካሉ አየር ላይ ነው። ክንፍ ግዛለት!»

«አባዬ፣ ይሄንንማ እኛም ተምረናል» አለች ዳኛ፣ እንደ ማጽናናት።

የፋርማሲስቱ ጆሮ ቀላ። ግን አልተከራከረም፤ ይሄ ነው የሰውየው ጉድ፣ ስህተቱን ሲያሳዩት እንደ ላብራቶሪ ውጤት ተቀብሎ ወደሚቀጥለው ነገር ይሄዳል። ሜትሩን አነሣ። «ጠረጴዛው ይሰፋል ማለት ነው» አለ። በበሩ በኩል ለካ፤ በር ነው፣ አይሆንም። በመስኮቱ በኩል ለካ፤ ብርሃን ይዘጋል። በሦስተኛው ግድግዳ ቁም ሣጥን አለ። የቀረው ቺፑዱ ነው። ሁሉም ወደ ቺፑዱ ዞረው ቆሙ። ከሁሉም በኋላ የዞሩት ኢንስፔክተሩ ናቸው።

«የት ይሄዳል ብለውን አልነበረም፣ አጎቴ?» አለች ዳኛ። ፊቷ በርቷል። «ወደ እርስዎ ይሂዳ! እዚህ ጋ ይገባል፣ እዚያ ጋ ይወጣል፣ በአልጋዎ በላይ ይታጠፋል።»

«ወደ አጎቴ! ወደ አጎቴ!» ድምቡሼ ዘለለ።

በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ኢንስፔክተሩ አሁን አፋቸውን ዘጉ፤ ዝንቡ ግን ከገባ ቆይቷል።

«ያ ክፍል ነው፤ ሰው የሚኖርበት» አሉ በመጨረሻ።

«ከግድግዳው ጋር የተያያዘ ጠባብ መደርደሪያ ብቻ ነው የሚሆነው፣ ጋሼ» አለ ፋርማሲስቱ። «ከአልጋው በላይ። ተኝተው አይነካዎትም።»

«ስነሣስ?»

ፋርማሲስቱ አሰበ። «ቀስ ብለው ቢነሡ...»

«እኔ በቁሜ ይሄ ግድግዳ አይበሳም! ከተበሳ በዚህ ቤት ውስጥ አልኖርም። ሻንጣዬን አንሥቼ እወጣለሁ።»

ቤቱ ይህን ዐረፍተ ነገር ያውቀዋል። በጨው ተብሏል፣ በሬዲዮ ድምፅ ተብሏል፣ በፎጣ ተብሏል። ሁሌም እንደ ተባለ እህታቸው እጇን እየጠረገች ትመጣና «ተው እንጂ ወንድም ጋሼ፣ ምን ሆነሃል» ትላለች፤ እሳቸውም «ለእናንተ ብዬ ነው» ይሉና ነገሩ ያልቃል። ስለዚህ ዛቻቸውን ጨርሰው ወደ ወጥ ቤቱ ዞሩ፤ ተራው የእሷ ነው።

እህታቸው መጣች። እጇንም ጠረገች። ቺፑዱን በጣቷ ኳ ኳ አደረገችው።

«ከአልጋው ምን ያህል ከፍ ይላል?» አለችው ባሏን።

ኢንስፔክተሩ ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰሙም። መልሱ ጥሩ መልስ ሳይሆን አልቀረም፤ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ።

በሚቀጥሉት ቀናት የሆነውን ለማመን ኢንስፔክተሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ያኮረፈ ሰው ክፍሉ ገብቶ ይዘጋል፤ የእሳቸው ግን ግድግዳው ራሱ እየተበሳ ነው። ፋርማሲስቱ መሰርሰሪያውን ቺፑዱ ላይ ሲደግን፣ ከወዲያ በኩል አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ጥርሳቸውን ነክሰው ቆዩ። ምልክቱ ዘንበል ማለቱን እስኪያዩ ድረስ ብቻ።

«ተጣሟል!» አሉ።

«የት ጋ?» አለ ከወዲያ ያለው ድምፅ።

«ወደ ግራ! ግራህን አታውቅም? ቆይ፣ ቆይ። ውሃ ልኩን አምጣው።»

ውሃ ልኩን ራሳቸው ያዙ። ቀዳዳው እሳቸው ባሉት ቦታ ተበሳ፤ ሁለተኛውም እንዲሁ። መደርደሪያው ሲገጠም ብሎኑን ያቀበሉ እሳቸው፣ «ይሄ ይዞ ነው? ዝንብ ቢያርፍበት ይወድቃል» ብለው ድጋፍ ያስጨመሩም እሳቸው ናቸው። ሰጋቱራው ትራሳቸው ላይ ሲዘንብ በእጃቸው እያራገፉ ተቆጣጠሩ፤ ሰው የገዛ ማደሪያውን ሲያስፈርስ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ያደረገበት ጊዜ የለም። የሠራተኛ ቁጥጥር ማለት ይሄ ነው ብለውም ለእህታቸው ነገሯት። «እግዜር ይስጥልን» አለቻቸው። ስለ ቀሪው ነገር፣ ስለ ሻንጣው፣ ምንም አላለችም። ረስታው ይሆን፣ ወይስ የእውነት ወስዳው? ለመጠየቅ ደግሞ ልብ ይጠይቃል።

አንድ ቀን ከእንቅልፋቸው ሲነሡ ግንባራቸውን መደርደሪያው መታቸው። ምሳ ላይ እብጠቱን ይዘው ቀረቡ። ማንም ምንም ከማለቱ በፊት ድምቡሼ ደንግጦ ተነሣ።

«ሐዲዱ ተንቀሳቀሰ?»

ከምሳ በኋላ ስልክ አነሡ። በአንድ ወቅት በሥራቸው ጸሐፊ የነበረ ሰው አለ፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ትርፍ ክፍል እንዳለው በየበዓሉ የሚነግራቸው። ኮሪደሩ ላይ ቆመው፣ ቤት ሙሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው አወሩ። «አዎ፣ ቅዳሜ። አዎ፣ ጠቅልዬ። ኧረ የለም፣ ማን ይከለክለኛል!» ከወጥ ቤት የሰሐን ድምፅ፣ ከልጆቹ ክፍል የመጋዝ ድምፅ መጣላቸው። ካፈርሁ አይመልሰኝ ነውና ነገሩ፣ ከዚያ ወዲያ ቅዳሜን መጠበቅ ብቻ ነበር።

ሻንጣቸውን አርብ ጠዋት አስረው ኮሪደሩ መሐል አቆሙት፤ አላፊ አግዳሚው እንዲደናቀፍበት። እህታቸው ዞራው አለፈች። ፋርማሲስቱ «ይቅርታ» ብሎት አለፈ፤ ለሻንጣው። ማታ ሲያዩ ሻንጣው የለም። ልባቸው ዘለለ፤ ደብቃዋለች አሉ፣ ልትከለክለኝ ነው። ልጆቹ ክፍል ውስጥ አገኙት። ድምቡሼ ቆሞበታል፤ ተራራው ከፍ ስላለ ከኋላው ያለው አይታየውም ነበር።

ቅዳሜ ባቡሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ መስመሩ ሊሄድ ተሰናዳ። ፋርማሲስቱ የባቡሩ ኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ጋ ተቀመጠ፤ ዳኛ የኢንስፔክተሩ ክፍል ገብታ አልጋቸው ላይ ቆመች፣ ሲገባ ልታበሥር። እህታቸው እንኳ ወጥ ጥዳ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። ኢንስፔክተሩ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ይዘው ገቡ።

«እንግዲህ እኔ...» አሉ።

«ጸጥ!» አለች ዳኛ ከቺፑዱ ወዲያ። «አባዬ፣ ዝግጁ!»

ባቡሩ ተነሣ። መቼም ሐሰት አይነገርም፤ ያምር ነበር። ቀስ ብሎ በነጩ ተራራ ሥር አልፎ፣ ጣቢያው ጋ እንደ ሰው ቆም አለና ወደ ቺፑዱ ዞረ። ኢንስፔክተሩ ራሳቸው ያስተካከሉት ቀዳዳ ውስጥ ጠርዙን ሳይጭር ሰመጠ።

«ገባ! አጎቴ ቤት ገባ!» ዳኛ ጮኸች።

«ድምቡሼ፣ ውረድና ሻንጣዬን» አሉ ኢንስፔክተሩ።

«እስኪወጣ ትንሽ፣ አጎቴ።»

ባቡሩ እስኪወጣ ጠበቁ። መዞሩን ጨርሶ በሁለተኛው ቀዳዳ አፍንጫውን ሲያወጣ ቤቱ ተናጋ፤ እህታቸው አጨበጨበች። ድምቡሼ ዐይኑን ከሐዲዱ ሳያነሣ አንድ እግሩን ወንበር ላይ፣ ከዚያ ሌላውን አሳረፈ፤ ሻንጣው ነጻ ወጣ። ክዳኑ ላይ የጀሶ እግር ኮቴ ታትሞበታል። ኢንስፔክተሩ አነሡትና በእህታቸውና በመቃኑ መሐል ሊያልፉ ሲሉ «ቆይ» አለች፤ ቆሙ።

«ቆይ፣ ቆይ፣ አታፍጥነው» አለች ለባሏ፣ ለማሳለፍ ወደ ጎን እያለች። «ሁለተኛውን ዙር ቀስ አድርገው፤ በደንብ አላየሁትም።»

ፋርማሲስቱ ቀስ አደረገው። ባቡሩ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ከሐዲዱ ወጣና የመጨረሻው ፉርጎ ተገለበጠ፤ ድምቡሼ በደስታ ጮኸ፣ ዳኛ ከአልጋው ወርዳ እየሮጠች መጣች፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ «ተወው፣ እኔ ላንሣው» ይሉ ጀመር። ፉርጎው እስኪነሣ፣ ጎማው እስኪገባ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እስኪፈረድ ጥቂት ጊዜ ወሰደ።

«የውጭውን በር ማነው ከፍቶ የተወው?» አለች እናትየው፣ ነፋሱ የጣቢያውን ወረቀት ጣሪያ ሲያነሣባት። «ዝጉት፤ አቧራ ይገባል።»

ዳኛ ሮጣ ዘጋችውና ዙሩ ሳያመልጣት ተመለሰች።