«እጅ» ያለው ማን ነው

እኔና አክስቴ የምንሠራው የሆስፒታል አንሶላ የሚታጠብበት ቤት ነው። እርጥቡን አንሶላ ወደ ጋለው መተኮሻ ሲሊንደር የምታስገባው እሷ ናት፤ ማዞሪያውን በእግር የምረግጠው እኔ። ከመርገጤ በፊት በቋንቋችን «እጅ» እላለሁ፤ እሷ እጇን ትሰበስባለች። ሃያ ዓመት የሠራችው እንዲህ ነው። እጇን የሚሰበስበው ዓይኗ ሳይሆን ጆሮዋ ነው።

ከዚያ አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ። በሥራ ክፍሉ ውስጥ ከቢሮው ቋንቋ ሌላ መናገር ክልክል ነው፤ ሦስት ማስጠንቀቂያ የደረሰው ይሰናበታል። አክስቴ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱን ተከናነበች፤ አንዱን ሲያስነጥሳት «ይማረኝ» ብላ።

«በነሱ ቋንቋ ጥራኛ» አለችኝ ወደ ቤት ስንሄድ።

በማግስቱ ጠራኋት። ፈዛ አየችኝ። ቃሉን እሷ ታውቀዋለች፤ እጇ ግን አያውቀውም።

የሠራተኞች ተወካዩ ለደኅንነት የሚነገር ቃል ሊከለከል እንደማይችል ከሕጉ ላይ አሳየንና አቤቱታ አስገባ። መልስ እስኪመጣ ዝም በሉ ተባልን። ራስ በመነቅነቅ መግባባት ጀመርን።

ሐሙስ ረፋድ ላይ እንፋሎቱ ክፍሉን ሞላው። አክስቴ ጥላ ብቻ ሆነች። ያየችኝ መስሎኝ ራሴን ነቀነቅኩና እግሬን አነሳሁ።

«እጅ» አለ አንድ ድምፅ፤ ከማሽኑ ጩኸት በላይ፣ ሻከር ያለ የሴት ድምፅ።

ረገጥኩ። እንፋሎቱ ገለል ሲል አክስቴ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጣብቃ ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ከንፈሯን ወደ ጆሮዬ አስጠግታ «ቀጭኗ ናት» አለችኝ።

ቀጭኗ ከእኔ በፊት ማዞሪያውን የምትረግጠው ሴት ነበረች። እኔ የተቀጠርኩት እሷ ስትሞት ነው።

ተቆጣጣሪው ከመስታወት ክፍሉ ወጣ። የተባለው ነገር አልገባውም፤ የማን ቋንቋ እንደሆነ ግን ገብቶታል።

«የሴት ድምፅ ነው። እዚህ ያለችው ሴት አንድ ናት» አለና የማስጠንቀቂያውን ወረቀት ዘረጋልኝ። «ምስክር ነህ፤ ፈርም።»

«እሷ አልተናገረችም።»

«ታዲያ ግድግዳው ነው?»

ለአክስቴ ይህ ሦስተኛዋ ማስጠንቀቂያ ነው። በዚህ ዕድሜዋ ማን ይቀጥራታል?

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ድምፄን አቅጥኜ ነው።»

«እስቲ ድገመው።»

«እጅ።»

ማሽኑ ቆሟል። አክስቴ ግን እጇን ሰበሰበች።

እኔ ገና የሙከራ ጊዜ ላይ ስለነበርኩ ለመባረር አንድ ማስጠንቀቂያ ይበቃኝ ነበር። በዚያው ተሰናበትኩ።

አርብ ብቻዬን ቤት ዋልኩ፤ መስኮቱ ስር ተጋድሜ፣ ደመና እያየሁ። አክስቴ ማታ ገብታ ጫማዋን አወለቀች።

«ተወካዩ ያንተንም ጉዳይ አቤቱታው ላይ ጨምሮታል። በርታ ብሎሃል።»

«ማን ተተካ?»

«አንድ ሰውዬ። ዲዳ በለው፤ ሲተነፍስ እንኳ አይሰማም።»

«ታዲያ እጅሽስ?»

ግራ ገብቷት አየችኝ።

«አንተ ስትጠራኝ አይደል እንዴ የዋልከው? ቀጭኗማ ዛሬ ዝም ብላለች፤ አረፈች መሰለኝ።»

ቀኑን ሙሉ ከማንም ጋር አንዲት ቃል አልተለዋወጥኩም። ውሃ ቀዳሁና አንድ ጉንጭ ዋጥኩ። ጉሮሮዬ አቃጠለኝ፤ ሲጮህ እንደዋለ ሰው።