የውዱ ካናቴራ

ልጄ ውዱ ተራራ ላይ ከሞተ በሠላሳ አምስተኛው ቀን ጓደኛው ኒቭ ደወለልኝ።

«አባባ፣ ነገ ቦርሳውን ይዤ እመጣለሁ። ቤት ከመግባቴ በፊት ግን እርስዎን ብቻዎን ላግኝዎት።»

ባቡር ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁት። የመጋዘን ዘበኛ ነኝ፤ መጠበቅ አያቅተኝም። ሁለት ባቡር አለፈ። በሦስተኛው ወረደ። በግራ እግሩ ያነክሳል፤ ሁለት ጣቶቹን ብርድ ወስዶበታል። ቦርሳውን እግሬ ሥር አስቀምጦ አጠገቤ ተቀመጠ።

ኒቭና ልጄ አብረው ወታደር ነበሩ። አገልግሎታቸውን ሲጨርሱ ነው ተራራ ለመውጣት ወደ ቦሊቪያ የሄዱት። እሱ ልጄን ኢታይ ይለዋል። ከአዲስ አበባ ወደዚህ አገር በአውሮፕላን ስንመጣ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ትምህርት ቤት በዕብራይስጥ ኢታይ አሉት፣ ቤት ውስጥ ግን ውዱ እንደሆነ ቀረ።

«እንደሞተ ነገርኳችሁ እንጂ እንዴት እንደሞተ አልነገርኳችሁም» አለ ኒቭ።

«ንገረኝ።»

«ጫፍ ደርሰን ስንወርድ ጉም ዘጋብን። መሪያችን ተቀመጡ አለን። ድንጋይ ሥር ስድስት ሰዓት ተቀመጥን። ጃኬታችን አንድ ዓይነት፣ ሱሪያችን አንድ ዓይነት። ከውስጥ የለበስነውን ካናቴራም በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ ነው የገዛነው። እኔ ቆዳዬ ደረቅ ነበር። እሱ ርሶ ነበር፣ አባባ። ሽቅብ ስንወጣ ያላበው ላብ እዚያው ገላው ላይ ቀርቷል። መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፤ እየተንቀጠቀጠም ይቀልድብኝ ነበር። ቆይቶ መንቀጥቀጡ ቆመ። ከዚያ ሞቀኝ ብሎ ጃኬቱን ሊያወልቅ ታገለኝ፤ ብርድ ሲገድል እንዲያ ያደርጋል።»

 

ከቦርሳው ሁለት ካናቴራ አወጣ። ሁለቱም ግራጫ፣ ሁለቱም እጀ ረጅም። ጉልበቱ ላይ ዘረጋቸው። የውሃ ጠርሙሱን ከፍቶ በጣቱ አንዳንድ ጠብታ ጣለባቸው።

«ይሄ የኔ ነው።» ጠብታው ወዲያው ገብቶ የመዳፍ ያህል ሰፋ። «ሥራው ይሄ ነው። ላቡን ከቆዳ ላይ ይስብና ወደ ውጭ ያሰፋዋል። የሰፋ ውሃ ቶሎ ይደርቃል።»

ሁለተኛውን አሳየኝ። «ይሄ የሱ ነው።»

ጠብታው ክብ እንደሆነ ቆመ። ቅቤ የጠገበ ፀጉር ላይ ዝናብ ሲወርድ እንዲያ ነው የሚቆም።

«ምን አግኝቶት ነው?» አልሁ። እያወቅሁ ነው የጠየቅሁት።

«ሱቁን ጠይቄ ነበር። በመራኬኽ ታጥቦ ይሆናል አሉኝ። ክሩን ይቀባዋል፣ ላቡ መውጫ ያጣል። በባዶ ሙቅ ውሃ ደጋግመው ቢያጥቡት ይለቀው ይሆናል አሉ። እሱ ብቻውን ገደለው አልልም፣ አባባ። ድካም ነበር፣ ከፍታውም ነበር። ግን እኔ ተርፌያለሁ።» አንገቱን ደፋ። «እናቱ እንዳትሰማ። ለእርስዎ ግን መደበቅ አልቻልኩም።»

መራኬኽ ልብስ የሚያለሰልሰው ሰማያዊ ፈሳሽ ነው። ወደ ቤታችን የገባበት ምክንያት አለው። ውዱ ሦስተኛ ክፍል ሳለ አንድ ልጅ ትሸታለህ አለው። አላለቀሰም። ቤት መጥቶ እናቱን፣ «እማ፣ እሸታለሁ?» ብሎ ጠየቃት። ባለቤቴ ማንተገብሽ በማግሥቱ ትልቁን ጠርሙስ ተሸክማ መጣች። ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ዓመት፣ መሐረብ እንኳ ሳይነከርበት ከቤታችን ወጥቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ በዛ ብያት ነበር። «ልጄን ይሸታል እንዲሉት ነው የምትፈልግ?» አለችኝ። ያን ቀን የእጥበት ነገር ዳግመኛ ላላነሣ ቆረጥሁ።

ካናቴራውን የገዛ ዕለት ውዱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ አሳየን።

«የእባብ ቆዳ ነው እንዴ?» አለች እናቱ።

«ተራራ የሚወጡ ሰዎች ከውስጥ የሚለብሱት ነው፣ እማ።»

«ይቺ ስስ ነገር ናት ከበረዶ የምታድንህ?» አልሁት። «ጋቢ ውሰድ።»

«አባባ፣ ጋቢ ጥጥ ነው። ጥጥ ላብ ይጠጣል፣ ጠጥቶ ደግሞ አይለቅም። ሲቀዘቅዝ በረዶ እንደመልበስ ነው።»

«እይው እንግዲህ! በእጄ የፈተልሁትን ጋቢ ናቀብኝ!» አለች ማንተገብሽ።

«አልናቅሁም እማ፣ ስመለስ እለብሰዋለሁ። ቤሰደር? እሺ በይኝ።»

ሳቅን።

ግማሽ ዓመት ሙሉ ከኒቭ ጋር ከገደል ገደል እየወጣ ተለማመደበት። ዓርብ ዓርብ ካናቴራውን ያመጣል፤ እሷ ታጥበዋለች። አንድ ዓርብ በረንዳው ላይ ስናሰጣ አንገቱ ውስጥ የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ አየሁ። ኡልፓን ገብቼ ዕብራይስጥ አሥር ወር ተምሬያለሁ፤ ፊደል በፊደል አነባለሁ። ከታች በኩል ሁለት ቃል ነበር። ሁለተኛውን ከጠርሙሱ ላይ አውቀዋለሁ። ያለ መራኬኽ፣ ይላል። ቀና ብዬ ማንተገብሽን አየኋት። የካናቴራውን እጅጌ አሽትታ ፈገግ አለች። ዝም አልሁ። ሱቅ የሚጽፈው ብዙ ነው ብዬ ነው። ይህም ውሸት ነው። እንዳትቆጣኝ ብዬ ነው።

ከባቡር ጣቢያው ተነሥተን ኒቭ ከእኔ ጋር ቤት ገባ። ቦርሳውን ለማንተገብሽ ሰጥቶ እጇን ሳመ። የቀረበለትን ምግብ ሳይነካ ሄደ። እሷ ዕቃውን አንድ በአንድ አወጣች። ካናቴራውን ስታገኝ አፍንጫዋ ላይ አደረገችው።

«አሁንም የቤታችን ሽታ አለው» አለች።

ወደ ውጭ ወጣሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ከጥበቃ ስመለስ በረንዳው ላይ ሳፋ ከፊቷ አድርጋ ተቀምጣለች። ካናቴራው ውሃው ላይ ተንሳፍፏል።

«ጎሹ፣ ይሄ ጨርቅ ውሃ አልቀበልም አለኝ» አለች።

«የሰው ሠራሽ ጨርቅ እንዲያ ነው።»

«አንተ ማንበብ ትችላለህ። አንገቱ ላይ ምን ይላል?»

ያዝሁት። ዓይኔን ጽሑፉ ላይ አቆየሁ።

«በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡ ይላል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

አርባ ሦስት ዓመት አብረን ኖረናል። እንደዚያ ቀን አይታኝ አታውቅም።

«ትናንትም ነክሬው እንዲሁ ሆነብኝ» አለች። «ቂርያት ዔቅሮን ድረስ ይዤው ሄጄ ለሀና አሳየኋት።» ሀና ትልቋ ልጃችን ናት። «ሀና ሌላ ነው ያነበበችልኝ። መራኬኽ ላብ መውጫ እንደሚያሳጣው፣ የረሰ ገላም በተራራ ብርድ እንደማይተርፍ ነገረችኝ።»

ከሳፋው ውስጥ እጇን አላወጣችም።

«እኔ ነኝ የገደልሁት፣ ጎሹ?»

አይደለሽም ብዬ ባቆም ይበቃ ነበር። ግን ሸክሙን ለብቻዋ አሸክሜ መሄዴ ነው።

«አንቺ አላነበብሽም» አልሁ። «እኔ አንብቤዋለሁ። ልጁ በሕይወት ሳለ፣ እዚሁ በረንዳ ላይ። አንብቤ ዝም አልሁሽ።»

«ለምን?»

«ትቆጪኛለሽ ብዬ።»

«ለዚህ ብቻ?»

«ለዚህ ብቻ።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ታች መንገዱ ላይ ሰዎች ለሰንበት ዳቦ ይዘው ያልፋሉ። እሷ ሳፋውን ደፋች።

«በባዶ ሙቅ ውሃ ደጋግሞ ቢታጠብ ይለቃል ብሎኛል ኒቭ» አልሁ።

«ውሃ አሙቅ» አለችኝ።

አሞቅሁ። ያን ዓርብ ሦስት ጊዜ አጠበችው። ሰማያዊው ጠርሙስ ከመደርደሪያው ጠፍቷል፤ የት እንደጣለችው አልጠየቅሁም። በየዓርቡ እኔ ውሃ አሞቃለሁ፣ እሷ ታጥባለች፣ እኔ አሰጣለሁ። ከዚህ በቀር የምንነጋገረው ጥቂት ነበር። ሲደርቅ ጣቷን ነክራ አንዲት ጠብታ ትጥልበታለች። ጠብታዋ ክብ እንደሆነች ትቆማለች።

በስድስተኛው ዓርብ ጣለችበት። ጠብታዋ ጥቂት ቆመች። ከዚያ ገባች። የመዳፍ ያህል ሰፋች።

«አሁን ሠራ» አለች ማንተገብሽ።

እርጥቡ እስኪደርቅ ድረስ ሁለታችንም ከፊቱ አልተነሣንም።