«ደህና ነኝ» ከአስር ስንት ነው?

ሲስተሯ ሰው ሰላም ሳትል ማለፍ አትችልም። ከሆስፒታሉ በር እስከ ክፍሏ ሃምሳ እርምጃ አይሞላም፤ እሷን ግን ሩብ ሰዓት ይፈጅባታል። ጥበቃውን፣ ጽዳቷን፣ ታማሚውን፣ አስታማሚውን፣ ሁሉንም ከነቤተሰቡ ጠይቃ ነው የምትገባው። ዶክተሩም ለጥናቱ የመረጣት ለዚሁ አመሏ ነው። «ላንቺ ሰው ሆዱን ይከፍታል» አላት። ምስኪን! ሰው ሆዱን ከፍቶ ወገቡን እንደሚደብቅ በምን ይወቅ?

ጥናቱ የወገብ ሕመም ላይ ነው። ክኒን የሰለቸው ሰው በዮጋና አዩርቬዳ በሚባለው ጥንታዊ የሕንድ ሕክምና ይቀለው እንደሆነ ለማየት ነው የተጀመረው። ሃያ ሰዎች ለስምንት ሳምንት ምንጣፍ ላይ ይንጠራራሉ፣ ቀስ ብለው መተንፈስ ይማራሉ፣ ሲጨርሱ ወገባቸው ለብ ባለ የሰሊጥ ዘይት ይታሻል። ሌሎች ሃያ ሰዎች ደግሞ ለማነጻጸሪያ ምንም ሳይደረግላቸው ተራ ይጠብቃሉ። የሲስተሯ ሥራ ሁሉንም መጀመሪያና መጨረሻ ላይ «ሕመምዎ ከአስር ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅና መጻፍ ነው።

ስምንቱ ሳምንት አልቆ ቁጥሩ ሲሰላ ጉድ ፈላ። የዮጋዎቹ ሕመም በአማካይ መጀመሪያ ሁለት፣ መጨረሻ ሁለት!

«አልሠራም ማለት ነው» አለ ዶክተሩ መነጽሩን እያወለቀ። «ሐሙስ ጥናቱ ይዘጋ ብዬ ለኮሚቴው እጽፋለሁ። ክፍሉንም ለራጅ ማሽን ይፈልጉታል።»

ለሲስተሯ ግን አልተዋጠላትም። ሰዎቹ ሲቀላቸው በዓይኗ በብረቱ አይታለች፤ ግን ዓይን ያየው ቁጥር አይሆንም። እነዚያ ተራ ጠባቂዎችስ? ሁለት ወር ሙሉ «የኛ መቼ ነው?» እያሉ ሲደውሉላት ከርመው አሁን ምን ልትላቸው ነው?

ረቡዕ ለመሰነባበቻ የተደረገው ልምምድ አለቀ። አዛውንቱ ልብስ ሰፊ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ያስራሉ፤ ይፈቱና እንደገና ያስራሉ።

«ጋሼ፣ ምነው? አልጠበቀልዎትም?»

«ኧረ ጠብቋል! ደስ ብሎኝ ነው እንጂ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያሰረችልኝ ሚስቴ ናት። እሷ እግሬ ሥር ስትንበረከክ እኔ በሐፍረት ጣሪያ ጣሪያውን ነበር የማየው።»

ሲስተሯ ክው አለች። «እንዴ! መጀመሪያ ቀን ሕመምዎ ሁለት ነው አላሉኝም?»

«ታዲያ ምን ልበልሽ? በፈገግታ ተቀብለሽ ‹እንዴት ነዎት፣ ቤተሰብ እንዴት ነው› አልሽኝ። ‹ተመስገን፣ ደህና ነኝ› አልኩሽ። ከዚያ በኋላ ዞር ብዬ ዘጠኝ ልበል? ውሸታም ልታሰኚኝ ነው?»

«ወገቤን!» ብላ ጮኸች።

«አንቺንም ያዘሽ?» አሏት ከየምንጣፋቸው፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

እሷ ግን አልሳቀችም። አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። ፀጉር ሠሪዋ መቆም አቅቷት በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ነበር የምትሠራው፤ የሰጠችው ቁጥር አንድ ነው። የታክሲ ሹፌሩ ከመኪናው ሲወርድ በሩን ተደግፎ ነበር የሚቆመው፤ እሱም ሁለት ብሏል። ሁሉም በመጀመሪያው ቀን «ደህና ነኝ» ካሉ በኋላ ቃላቸውን ማጠፍ አፍረዋል። ዛሬ ሁለት የሚሉት ከምራቸው ነው፤ ያን ቀን ግን ሁለት ያሉት ለይሉኝታ ነበር። አርባውን ቅጽ ያበላሸው ያ የምትመካበት ሰላምታዋ ነው!

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ የሚወቀሰው ዮጋው ነው፣ እሱ ደግሞ አፍ የለው። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያለች ሰው ስትመክር ኖራ አሁን ራሷ ልትደብቅ? ሐሙስ ጠዋት ዶክተሩ ቢሮ ገባችና ሁሉንም ዘረገፈችው።

ዶክተሩ እሳት ጎረሰ፣ እሳት ለበሰ። «ስምንት ሳምንት! አርባ ሰው! በ‹እንዴት ነዎት›!» ብሎ ብድግ ሲል ፊቱ ጭምድድ አለ፤ ጠረጴዛውን ይዞ ቀረ።

ሲስተሯ አየችው። «ዶክተር፣ እንዴት ነዎት?»

«ደህና ነኝ!»

«ከአስር ስንት?»

«አንድ! ተይኝ አልኩሽ!»

«እሺ፤ ወገብዎ ስላመመዎት የተዉት ነገር ምንድን ነው?»

ዶክተሩ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ትንሿን ልጄን ትከሻዬ ላይ መሸከም» አለ። «ባለፈው ‹አባዬን አትጠይቂው፣ እሱ አይችልም› ብላ ለእህቷ ስትነግራት ሰማኋት።»

ከዚያ ዶክተሩ ጀምሮት የነበረውን ደብዳቤ ቀዶ ንጹሕ ወረቀት ወደ እሷ ገፋ። «ይሄን ጥያቄ ጻፊው። ያለፈው ስህተታችን እንዳለ ይመዝገብ፤ አንደብቀውም። ተራ ጠባቂዎቹ ግን ገና አልተነኩም፤ ኮሚቴው ከፈቀደ በነሱ እንደ አዲስ እንጀምራለን። ይሥራ አይሥራ ያኔ ይታያል። አንቺም ቅጹ እስኪሞላ ‹እንዴት ነዎት› እንዳትዪ!»

ኮሚቴው ከብዙ ንዝንዝ በኋላ ፈቀደ። ሰኞ በመጀመሪያ የገቡት አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ሲስተሯ አፏ ላይ የመጣውን ሰላምታ እንደ መራራ ክኒን ዋጠችና በቀጥታ ጠየቀቻቸው፦ «ወገብዎ ስላመመዎት የተዉት ነገር ምንድን ነው?»

መምህርቷ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ትክ ብለው አዩዋት።

«የልጅ ልጄን ከአልጋው አንስቼ አላውቅም» አሉ በመጨረሻ። «ስድስት ወር ሆነው። ‹ተኝቷል፣ አትቀስቅሱት› እያልኩ ነው የማመካኘው። ልጄ እንደማልወደው ነው የመሰላት።»

የሲስተሯ ዓይን እንባ አቀረረ፤ እስክሪብቶዋ ግን አልቆመም። «ሌላስ፣ እማማ?»

«ሌላማ ሞልቷል» አሉ መምህርቷ፣ ቦርሳቸውንም መሬት ላይ አስቀመጡ። ቦታው ሳይበቃት ሲቀር ሲስተሯ ቅጹን ገልብጣ በጀርባው መጻፍ ቀጠለች።