ግማሽ የተላጨው መርማሪ

የእህቴ ባል ፀጉር ቆራጭ ነው፤ እኔም እዚያው ቤት ከጎኑ ባለው ወንበር እሠራለሁ። ሰፈሩ «ሬዲዮ» ይለዋል፤ ምላጭ ከያዘ ስለ ኢየሱስ ሳያወራ አይውልማ! መስበክ ሲከለከልም የተከለከለው ሌላ ሰው ይመስል ቀጠለ፤ ታሰረ። ሲፈታ ጉዳዩን የያዘው መርማሪ አንድ ነገር አስጠነቀቀው፦ ለአንድ ደንበኛ አንድ ቃል ብትሰብክ ትመለሳለህ፣ ያኔ ደግሞ መቼ እንደምትወጣ እኔም አላውቅም።

እኔ አማኝ አይደለሁም። የእሱ እምነት ያስደነቀኝ ቀን የለም፤ ያናደደኝ ቀን ግን ሞልቷል። እህቴ እርጉዝ ናት፣ ሆዷ ገፍቷል። «ስማ፣ ዝም አይነቅዝም» አልኩት በወጣ ማግስት። «መጀመሪያ ልጅህን እቀፍ፣ ከዚያ የፈለግከውን ሁን።» እሺ አለ። እውነትም አፉን ዘጋ። ደንበኞች «ሬዲዮው ባትሪ ጨረሰ እንዴ?» እያሉ ሲያሾፉበት ፈገግ ብሎ ያልፋል። አንዲት ልማድ ብቻ ቀረችው፤ ሰው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥለት እጁን አናቱ ላይ አሳርፎ ለአፍታ ዓይኑን ይጨፍናል። ተዋት ብለው፣ ብለምነው አልተዋትም።

አንድ ረፋድ ላይ መርማሪው ራሱ ገባ። የእኔ ወንበር ባዶ ነበር፤ አልፎኝ እሱ ጋ ሄዶ ተቀመጠ። «ጺሜን» አለ። አማቼ ፎጣውን አንገቱ ላይ አሰረለት። እንዳታደርገው፣ እንዳታደርገው እላለሁ በሆዴ። እጁን አናቱ ላይ አሳረፈና ዓይኑን ጨፈነ። ለማንም የሚያደርገውን ለእሱም አደረገለት።

መርማሪው በመስታወቱ እያየው ነበር። ቀኝ ጉንጩ ተላጭቶ ሲያልቅ እጁን አንስቶ አስቆመው።

«ቅድም ምን እያደረግክ ነበር?»

«እየጸለይኩልዎት።»

ኧረ ምናለ አንዴ ቢዋሽ! ፎረፎር እያየሁልዎት ነው ቢለው ምን ይሆናል?

«ምን ብለህ?»

«እሱን ከነገርኩዎት ስብከት ይሆንብኛል።»

«ጤና ይስጥዎት ብሎ ነው ጌታዬ፣ ለሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አልኩ ጣልቃ ገብቼ።

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አለኝና ብድግ አለ። ወደ አማቼ ዞሮ «ጃኬትህን ልበስ፣ እንሄዳለን» አለው።

መርማሪው ፎጣውን ሊፈታ ሲል መስታወቱ ውስጥ ራሱን አየ። ግማሽ ፊቱ የሕፃን ፊት መስሏል፤ ግማሹ አረፋ ነው። አግዳሚው ላይ ለወሬ ከተቀመጡት አንዱን ሳል ያዘው፤ የምን ሳል እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። መርማሪው ወደ እኔ ወንበር ተመለከተ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ያንንም አየ። ተመልሶ ተቀመጠ።

«ጨርስ» አለው አማቼን።

«ከዚያ በኋላ መሄዴ አይቀርም አይደል?»

«አይቀርም።»

«እንግዲያው የጠየቁኝን ልመልስልዎት። ብቻ እንዳይናገሩ፣ ይቆርጥዎታል።»

ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይኼ ነው። ስንት ጊዜ ያጠራቀመውን ሁሉ አወጣው። ያለ በደሉ ስለያዙት፣ ወዳጆቹ ጥለውት ስለሸሹ፣ እየቸነከሩት ሳለ ለቸንካሪዎቹ ምሕረት ስለለመነው ጌታ አወራ። በመሃል «አገጭዎን ቀና ያድርጉ» ይላል፤ ምላጩን ይጠርግና ይቀጥላል። ሞቶ እንደተነሳ፣ ዛሬም ሕያው እንደሆነ ነገረው። «እኔም ቂም የለብኝም። የጸለይኩት እርስዎም ያን ምሕረት እንዲያገኙ ነው» አለው። ድምፁን ከፍ አላደረገም። መርማሪው ምላጭ ጉሮሮው ላይ እያለ ምን ይበል? ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ ያዳምጣል። እኔም መቀሴን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ለዓመታት በአንዱ ጆሮዬ አስገብቼ በሌላው ያፈሰስኩትን ነገር ያን ቀን አንድም ሳያመልጠኝ ሰማሁት።

አንድ ቦታ እንኳ አልቆረጠውም። ፊቱን በፎጣ አደረቀለት፣ ምላጩን አጥቦ አስቀመጠ፣ ጃኬቱን ለበሰ። «ለእህትህ አንተ ንገራት» አለኝ። መርማሪው ይዞት ሄደ።

እህቴ ገና ፊቴን ስታይ ገባት። አላለቀሰችም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። እስኪወጣልኝ ጠበቀችኝና «ምን ብሎት ነው?» አለች። ነገርኳት፤ አገጭዎን ቀና ያድርጉ ያለውን እንኳ አልተውኩም። መሃል ላይ ጎረቤቶች ገቡ፤ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። እሱ መጀመሪያ ከታሰረ ወዲህ በእህቴ ደጅ ሲያልፉ እርምጃቸውን የሚያፈጥኑ ሰዎች ናቸው። አንዷ ትልቅ ሴት አጠገቤ ተቀመጡና «ልጄ፣ እኛ ከመሃል ነው የደረስነው። እስቲ ከመጀመሪያው» አሉኝ።

በሩን ልዘጋ ተነሳሁ።

«ተወው» አለች እህቴ። «የሚያልፈውም ይስማ።»

ከመንገዱ ማዶ ሰው ቆሞ ነበር፤ ማን እንደሆነ አላጣራሁም። ተመልሼ ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።