ስለ ብስክሌት የጻፍኳቸው ሁለት ማመልከቻዎች

የረቢአን ብስክሌት ያስወሰደባት ማመልከቻ በእኔ እጅ የተጻፈ ነው። ይህን ለማንም ሳልናገር ሁለት ወር ቆየሁ። በእነዚያ ሁለት ወራት ረቢአ ከእህቷ ከጀነት ጋር አልተነጋገረችም። ምስጢሯን ያወጣችባት ጀነት መስላት ነበር።

ነገሩ የሆነው በ2003 ዓ.ም. ነው። ያኔ ከሚሴ ውስጥ በአስፋልቱ ዳር፣ በአጎቴ በአብዱልጀባር ሱቅ በረንዳ ላይ ብስክሌት እጠግን ነበር። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ያሳደጉኝ አጎቴ ናቸው። የጎማ መንፊያውንና የመፍቻ ቁልፎቹን የገዙልኝም እሳቸው ናቸው። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ብወጣም ጽሑፌ ንጹሕ ነው ይባል ስለነበር፣ የተጣመመ ቸርኬ ሊያስቀና የመጣ ሰው አንዳንዴ ማመልከቻም አጽፎኝ ይሄዳል። እኔም እሺ ነው የምለው። ሰው ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ምላሴ ይታሰራል፤ እንቢ ማለት አልችልበትም።

ረቢአ በጨፋ ሜዳ ባሉ ቀበሌዎች የውሃ ፓምፖችን እየዞረ በሚጠግን ፕሮጀክት ተቀጥራ ትሠራለች። ፕሮጀክቱ ማርሽ ያለው ብስክሌት ሰጥቷት ነበር። ከቀሚሷ ሥር ሱሪ ታደርግና፣ በሂጃቧ ላይ ሄልሜት አጥልቃ፣ የመፍቻ ቦርሳዋን ከኋላ አስራ በማለዳ ትወጣለች። መጀመሪያ ሰሞን የባጃጅ ሾፌሮች የድስት ክዳን ነው ወይ ያጠለቅሽው እያሉ ይስቁባት ነበር።

"ውስጡ ያለው እንዳይፈስ ነው" ትላለች ሳትቆም። "የአንተ ባዶ ስለሆነ ክዳን አያስፈልገውም።"

ቀስ በቀስ ሌሎችም ከእሷ ጋር መንዳት ጀመሩ። ሁለት መምህራን፣ አንድ ነርስ፣ ከወፍጮ ቤት አንድ፣ እያለ አሥራ አንድ ደረሱ። እሑድ ጠዋት እስከ ጨፋ ሮቢት ነድተው ይመለሳሉ። እኔ ከሦስት አሮጌ ብስክሌቶች በገጣጠምኳት ብስክሌቴ ከሁሉም ኋላ እከተላለሁ፤ ሰንሰለት የወለቀበት ካለ እንዳስተካክልለት። ከኋላ ስለሆንኩ ማንም አያየኝም፣ እኔ ግን ሁሉንም አያለሁ። ከዚያ የተሻለ ጊዜ አላሳለፍኩም።

በሚያዝያ ወር በአንድ የገበያ ቀን ረቢአ ብስክሌቷን እየገፋች መጣች። መሪው ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። በምን እንደተጣመመ ጠየቅኳት። ወዲያው አልነገረችኝም፤ መሪውን ፈትቼ ማቅናት ስጀምር ነው የነገረችኝ። እማማ አሻ የሚባሉ አሮጊት በቆሙ ሁለት ባጃጆች መሐል ድንገት ወጡባት። ደወል ደወለች፣ ፍሬን ያዘች፣ አልሆነም፤ መሪው ክንዳቸውን መትቶ ጣላቸው። ረቢአ ብስክሌቷን እዚያው ጥላ ቤታቸው ወሰደቻቸው። ጀነትን አስጠርታ ክንዳቸውን አሳሽታ አሳሰረችላቸው። እማማ አሻ ሻይ ከጠጡ በኋላ፣ ሳላይ የወጣሁት እኔም ነኝ፣ አፉ ብዬሻለሁ፣ ልጆቼ ሰምተው ጠብ እንዳያነሡ ነገሩ እዚሁ ይቅር አሏት።

በእኛ አገር አንድ ሰው አፉ ካለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ይቅር የተባለውን መልሶ የሚቆፍር ሰው ወንጀሉን ራሱ ይሸከማል። ይህን ሕፃንም ያውቀዋል።

"ከጀነትና ከአንተ በቀር የሚያውቅ የለም" አለችኝ ረቢአ። እኔም መሪውን አቅንቼ መለስኩላት።

በግንቦት ረቢአ ማመልከቻ እንድጽፍ ለመነችኝ። ባጃጅ በዝቶ የአስፋልቱን ዳር ሁሉ ይዞታል። ብስክሌት የሚነዳ ሰው ወደ መሐል ይወጣል፤ በመሐል ደግሞ ወደ ደሴ የሚወጡ ከባድ መኪናዎች ያልፋሉ። ብስክሌተኞቹ የፈለጉት ሁለት ነገር ነበር። ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ድረስ የመንገዱ አንድ ዳር ባጃጅ እንዳይቆምበት፣ በገበያው በርም ብስክሌት የሚታሰርበት ቦታ እንዲሰጣቸው። ለከተማው የመንገድ ኮሚቴ ጻፍኩት፣ አሥራ አንዱም ፈረሙ። ረቢአ ስታነበው፣ ወላሂ ይህን አንብቦ እንቢ የሚል ሰው የለም አለች።

በሳምንቱ አጎቴ ምሳ ጠሩኝ። ሦስት ባጃጅ አላቸው፤ የባጃጅ ባለንብረቶችም ሰብሳቢ ናቸው። ብስክሌተኞች ማመልከቻ ማስገባታቸውን ሰምተዋል። ማን እንደጻፈላቸው አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸው። የእኛም ልጅ ጽሑፍ ያውቃል፣ ለምን ሌላ እንለምናለን ብለው እንጀራው ከተነሣ በኋላ ወረቀት አስመጡ። ብስክሌት የገበያውን መንገድ እንደሚያውክ፣ ሰው እንደሚጎዳ፣ በገበያ ቀን እንዲከለከል ጻፍኩ። አንብበው ሲጨርሱ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፉት።

"ይሄ ነገር ጨው የለውም" አሉ። "ሰው ይጎዳል ትላለህ፣ ማንን ጎዳ? አንተ ከእነሱ ጋር አይደል የምትውለው? አንድ እንኳ ምሳሌ የለህም?"

ዓይን ዓይኔን እያዩ ጠበቁኝ። የለኝም ማለት ነበረብኝ።

"አንድ አለ" አልኩ።

ለምን እንዳልኩት ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። አጎቴን ፈርቼ ነው ብል ደስ ይለኛል፤ ፍርሃቱም ነበር። ግን ሌላም ነገር ነበር። ማመልከቻው አንድ ነገር ጎድሎት ነበር፤ የጎደለው ነገር ደግሞ በእኔ ዘንድ ነበር። ጽሑፉ እንዲያምር ፈለግሁ። እንዲህ ብዬ ጨመርኩ፦ "በሚያዝያ ወር የአንድ ፕሮጀክት ሠራተኛ የሆነች ሴት በብስክሌት አንዲት አረጋዊት እናት ገጭታ የጣለች ሲሆን፣ እስከ ዛሬ ድረስ አልተጠየቀችም።" ስሟን አልጻፍኩም። በከሚሴ የፕሮጀክት ብስክሌት የምትነዳ ሴት ግን አንድ ረቢአ ብቻ ናት። ከጻፍኩት ውስጥ ሐሰት የለበትም። አፉ መባባላቸውን ግን አልጻፍኩም።

አጎቴ በኮምፒውተር አስጽፈው ማኅተም አስመቱበት። የእጅ ጽሑፌ ጠፋ፤ ቃሎቼ ብቻ ቀሩ።

የመንገድ ኮሚቴው ሁለቱንም ማመልከቻዎች በአንድ ስብሰባ አነበበ። ብስክሌት በገበያ ቀን በአስፋልቱ እንዳያልፍ ተከለከለ። የብስክሌተኞቹን ጥያቄ አንሥቶ የተናገረ እንኳ አልነበረም ሲባል ሰማሁ። ወሬው ፕሮጀክቱ ዘንድ ሲደርስ፣ አደጋ አድርሰሽ ሳታሳውቂ ቀርተሻል ተብላ የረቢአ ብስክሌት ተወስዶ መጋዘን ገባ። በቀጣዩ እሑድ ጎማዎችን ልነፋ በማለዳ ወጥቼ ጠበቅሁ። ማንም አልመጣም።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። ረቢአ በእግሯ ትሄድ ጀመር። የጨፋ ጥቁር ጭቃ ጫማዋ ላይ ተደራርቦ፣ ማታ ስትመለስ በድንጋይ ላይ እንደቆመች ሴት ከፍ ብላ ነበር የምትታየው። በበረንዳዬ ስታልፍ እንደ ድሮዋ፣ "አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሙሀመድኑር" ትለኛለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የጀነት ባል ባጃጅ ሾፌር ነው። ስለዚህ የብስክሌተኞቹን ማመልከቻ የጻፍኩትን እኔን ትታ ረቢአ ማንን ትጠርጥር? ጀነት ወላሂ አልተናገርኩም ብላ ምላላታለች፤ ረቢአ አላመነቻትም። ረቢአ ጀነት ሽንኩርት ከምትሸጥበት ሱቅ ደጃፍ ስትደርስ መንገዱን ተሻግራ በማዶ እንደምታልፍ በዓይኔ አየሁ። አንድ ቀን እነግራታለሁ ብዬ ቁልፎቼን ስሰበስብ አመሸሁ። ስትመጣ ግን ሰላምታዋን መለስኩና ጎንበስ ብዬ ጎማ መለጠፌን ቀጠልኩ። እንዲህ ያደረግሁት አንድ ቀን ብቻ አይደለም።

ረመዳን ሊገባ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ በገበያ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ረቢአ መጥታ አጠገቤ ባለው ሣጥን ላይ ተቀመጠች። ብስክሌቷ እንዲመለስላት አቤቱታ ልታስገባ ነው። እጄን ታጥቤ ወረቀት አወጣሁ። እማማ አሻ ይቅር እንዳሏት ጻፍ አለችኝ፤ ለአጎቴ ያልጻፍኩትን አሁን ጻፍኩት። ከዚያ ትንሽ አሰበችና ቀጠለች።

"አሁን ደግሞ እንዲህ በል" አለች። "ነገሩን ያወጣው የእህቴ ባል ነው። ባጃጅ ስለሚነዳ ለጥቅሙ ሲል ነው።"

ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አስቀምጬ ቀረሁ።

"ማሎ፣ እባክህ ጻፍ እንጂ። ምን ሆንክ?"

ጎንበስ ብዬ በዚያው መስመር ላይ "እኔ ነኝ" ብዬ ጻፍኩና ወረቀቱን ወደ እሷ አዞርኩት። አነበበችው። መልሳ አነበበችው።

"ምኑ ነህ አንተ?"

"ያወጣሁት" አልኩ። "የጻፍኩትም።"

"ለአጎትህ?"

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ረቢአ ወደ መንገዱ ዞረች። ባጃጆች እየተከታተሉ ያልፋሉ።

"የእኛንም የጻፍከው አንተ ነህ" አለች።

"አዎ።"

"የትኛው ነው አምሮ የወጣልህ?"

መልሱን ታውቀዋለች። ተንበርክኬ አፉ በይኝ አልኳት። ተነሥ፣ አታሳፍረኝ አለች። ከዚያም ለእኔ አትቸኩል፣ ሁለት ወር ሙሉ እህቴን ያለ ጥፋቷ ገፍቻታለሁ፣ አሁን ሄደን ትነግራታለህ አለችኝ። ሌላ ወረቀት ሳብ አደረግሁ፤ ጽፌ ብሰጣት ልታደርስልኝ ትችላለች ብዬ ነበር። ብዕሩን ከእጄ ወሰደችው።

"በወረቀት አይሆንም" አለች። "የጻፍከው ይበቃል።"

አጎቴ ከሱቁ ውስጥ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። የት ልትሄድ ነው አሉኝ። ጀነት ዘንድ፣ የእማማ አሻን ነገር ያወጣሁት እኔ መሆኔን ልነግራት ነው አልኳቸው። በሕይወቴ ለእሳቸው የተናገርኩት ረጅሙ ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም። መንፊያዬን ከበረንዳው አንሥተው ወደ ውስጥ አስገቡት። እንዳይሰረቅ ይሁን ወይም ከእንግዲህ አትሠራበትም ማለታቸው ይሁን አላወቅሁም።

በጀነት ሱቅ ውስጥ ሁለት ሴቶች ሽንኩርት ያስመዝናሉ። ረቢአ ደጃፉ ላይ ቆመች፤ አልገባችም። ጀነት ቀና ብላ አየቻትና ሚዛኑን ለቀቀችው።

"ምን ልስጣችሁ?" አለች፣ ገዢን እንደምትጠይቅ ሁሉ።

ተናገርኩ። ድምፄ ምን ያህል ዝቅ እንዳለ ያወቅሁት፣ ጀነት ጮክ በል፣ አልሰማሁህም ስትለኝ ነው። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። መሪውን ሳቃና ረቢአ እንደነገረችኝ፣ ለአጎቴ እንደጻፍኩት፣ ባሏም እሷም ምንም እንደማያውቁ ተናገርኩ። ገዢዎቹ ሴቶች ዞረው አዩኝ። አንደኛዋ "ያ ረቢ" አለች።

ጀነት እኔን አላየችኝም። የምታየው ረቢአን ነው።

"ወላሂ ብዬሽ ነበር" አለች።

"ብለሽኝ ነበር።"

"ሦስት ጊዜ።"

"ሦስት ጊዜ" አለች ረቢአ። "አፉ በይኝ፣ ጀኑ።"

ጀነት የሽንኩርቱን ከረጢት ወደ ጎን ገፋ አድርጋ መግቢያውን ከፈተችላት።

"ግቢ" አለች። "ጭቃሽን ግን ከውጭ አራግፊ።"

ረቢአ በእንባዋ መሐል ሣቀች፤ ጫማዋን ከደረጃው ጋር እያጋጨች ጭቃውን አረገፈችና ገባች። እኔ ውጭ ቀረሁ። ሴቶቹ ሽንኩርታቸውን ይዘው በአጠገቤ አለፉ። የመጣሁበት ነገር አልቋል፤ መሄድ ግን አልቻልኩም። አንድ ቃል እጠብቅ ነበር። ጀነት ይህን አወቀችብኝ መሰለኝ።

"ከእኔ ምንም አትጠብቅ" አለችኝ። "አፉ ብለው የዘጉት እማማ አሻ ናቸው። መጀመሪያ እሳቸው ዘንድ ሂድ። ልጆቻቸው ሰምተው መጥተው ጮኸውባቸዋል፤ ነገሩም የወጣው በእኛ መስሏቸዋል።"

"ቤታቸውን አላውቀውም" አልኩ።

ሁለቱም እህትማማቾች ባንድ ጊዜ ተመለከቱኝ።

"አታውቃቸውም?" አለች ረቢአ።

"አይቻቸው አላውቅም።"

ረቢአ ፊቷን አዞረች። ጀነት የሚዛኑን ሰሃን እንደያዘች በእጇ ወደ ታች አመለከተችኝ። ከመስጊዱ ኋላ፣ ከቧንቧው አልፎ ሦስተኛው ቤት ነው አለችኝ። ጆሯቸው በጣም ከብዷል፤ ያን ቀን ደወሉን ያልሰሙትም ለዚህ ነው። ቀስ ብለህ ብትነግራቸው አይሰሙህም፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ጮኸህ ነው የምትነግራቸው አለች።

እሺ ብዬ ሄድኩ።