ሁለተኛው ፍሬን

የኮሌጁ መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ቅጹን በመስኮቱ አሾልካ ሰጠችኝና፣ «ተማሪው ራሱ መጥቶ መፈረም አለበት፣ ጋሼ» አለችኝ።

«ተማሪው እኔ ነኝ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ራሴ ላይ የቀረው ፀጉር ቢቆጠር ከዕድሜዬ ብዙም አይበልጥ። «ምን ሊማሩ ነው?» አለች። የሳይኮሎጂ መግቢያ አልኳት። ሳቋን ለመዋጥ ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መታችው። ሳቂ፣ ምን አለበት፤ እኔም በቦታሽ ብሆን እስቅ ነበር።

ለምን እንደመጣሁ አልነገርኳትም። የመጣሁት ልጄ ስላኮረፈችኝ ነው። ያለችኝ አንድ ልጅ ናት፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ከስምንት ወር በፊት የመንጃ ፈቃድ ፈተና ወደቀች፤ በማግስቱ ልብሷን በሁለት ሻንጣ ሸክፋ እህቴ ቤት ገባች። ስደውል «ደህና ነኝ» ትላለች። «ምን አድርጌሽ ነው?» ስላት «አታውቀውም?» ትለኝና ስልኩ ይዘጋል። አላውቀውም! ባውቀው ኖሮ በዚህ ዕድሜዬ ደብተር ታቅፌ እዞር ነበር? ፈተና መውደቅ ደግሞ ያለ ነው፤ ስንቱ ወድቆ ሲነሳ አይቻለሁ። አንድ ነገር ነክቷታል፣ ስሙም መጽሐፍ ላይ ይኖራል ብዬ ነው የተመዘገብኩት።

ሥራዬ መኪና መንዳት ማስተማር ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖኛል። በእኛ መኪና ከአሰልጣኙ እግር ሥር ሁለተኛ ፍሬን አለ። ተማሪው ሲደናበር እኛ እንይዛለን። አንዳንዱ አሰልጣኝ ሲረግጠው ተማሪው ግንባሩን ከመሪው ጋር ያላትማል፣ ስድቡም ይከተላል። እኔ እንደዚያ አይደለሁም። ቀስ አድርጌ ነው የምይዘው፤ መኪናዋን ያቆመው ራሱ ተማሪው ይመስለዋል። «ጎበዝ!» እለዋለሁ፣ ልቡ ይሞላል። ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው እግሬን አነሳለሁ፤ ያን ጊዜ ድፍረት ስላገኘ ራሱ ይይዛል። በዚህ ዘዴ ስንቱን ፈሪ ሹፌር አድርጌዋለሁ። ልጄንም ያስተማርኳት እኔው ነኝ።

ክፍላችን ከብየዳ ወርክሾፑ በላይ ነበር፤ ታች የብረት መፍጫው ሲነሳ ወንበራችን ይንቀጠቀጣል። መምህሯ ከመኪናዬ በጥቂት ዓመት ብትበልጥ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሰው ለመረዳት ውስጡን ማየት ያስፈልጋል ተባልን። በሁለተኛው ሳምንት፣ ውስጡ ስለማይታይ ውጪውን ብቻ እንይ ያሉ ሊቃውንት ነበሩ ተባለ። በሦስተኛው ደግሞ ሁለቱም ወገን ጎደሎ ነበር ተባለ። እጄን አወጣሁ።

«ጎደሎ ከሆነ ለምን እንማረዋለን?»

«እንዴት እንደጎደለ ለማየት ነው፣ ጋሼ።»

እኔ መንዳት ሳስተምር ገደል አስገብቼ አልጀምርም። ግራ እንደገባኝ ጻፍኩት።

የበሽታዎቹ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ባሰብኝ። አንዱን ገጽ ሳነብ «ይኸውና፣ ልጄን የነካት ይህ ነው!» እላለሁ፤ ቀጣዩን ሳነብ እሱም እሷ ናት። አራተኛው ገጽ ላይ ራሴን አገኘሁት፣ እንቅልፍ አጣሁ። ሳምንት ሳይሞላ ለእህቴ አንድ፣ ለባለቤቴ ሦስት በሽታ አገኘሁ። ለባለቤቴ ብነግራት ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላ አስቀመጠችና፣ «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! አንተ ለልጅቷ ምን እንዳደረግክ ጠይቅ እንጂ እኛን አትመርምር» አለችኝ።

ዕድል ሆኖ በዚያው ሰሞን መምህሯ የቤት ሥራ ሰጠች። የቅርብ ሰው አነጋግሩ፤ ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው፤ ጠያቂው አይከራከርም፣ አይመክርም፣ ይጽፋል ብቻ። ለልጄ መልእክት ላክሁላት። «ለትምህርት ከሆነ እሺ» ብላ መለሰች። የምን ትምህርት እንደሆነ እንኳ አልጠየቀችም፤ ለካ እህቴ ሁሉንም ነግራታለች።

እህቴ ሻይ አስቀምጣልን በሩን ዘግታ ወጣች። ልጄ ከስታለች። እኔ ወረቀቴን ዘርግቼ እንደ መርማሪ ተቀመጥኩ። ሦስተኛው ጥያቄ፣ «ስለራስሽ ያለሽን ሐሳብ የቀየረ ቀን ንገሪኝ» ይላል።

«የፈተናው ቀን» አለች። «ቁልቁለቱ ላይ ማቆሚያው መስመር ጋ ስደርስ እንደልማዴ ፍሬን ያዝኩ። መኪናዋ አልቆመችም። እንደልማዴ ነው የያዝኩት አባዬ፣ ልክ አንተ አጠገቤ ሆነህ እንደምይዘው። ከመስመሩ ፊት ያቆሙትን በርሜል ገጨሁት። ፈታኙ ‹ማነው ያሰለጠነሽ?› አለኝ። አባቴ ነው አልኩት። ‹ታዲያ ሲነዳ የነበረው እሱ ነዋ› አለኝ።»

አፌን ከፈትኩ። መከራከር አይፈቀድም። ዘጋሁት።

ለሌላው ሁሉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አነሳለሁ ብያለሁ። ለልጄ ግን እግሬ እምቢ አለኝ። ዛሬ አነሳለሁ፣ ነገ አነሳለሁ ስል ፈተናው ደረሰ። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል፤ እሷ ስትነዳ ከፊታችን የሚመጣው መኪና ሁሉ እሷን ፍለጋ የመጣ ይመስለኝ ነበር።

«መውደቄ አይደለም» አለች። «ከዚያ በኋላ ሁሉንም መቁጠር ጀመርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሒሳብ አስተማሪዬን ሄደህ ያናገርከው። ክረምት ላይ መጻሕፍት ቤት የሠራሁት ሥራ። ያለፍኩትን ሁሉ እያነሳሁ፣ ይሄኛውስ የኔ ነው ወይስ የሱ እላለሁ። አላውቅም። ምን እንደምችል አላውቅም አባዬ።»

ጻፍኩ። አንዱንም ሳላስቀር ጻፍኩ። ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ያደረግሁት ሁሉ ነው የተቆጠረው።

ከዚያ ፊቷ ፈካ። «አሁን ግን አንድ ነገር አለ። መነጽር ቤት ሥራ አመለከትኩ፤ ሌንስ ፍሬሙ ላይ መግጠም። ተፈተንኩ፣ አለፍኩ። ሰኞ እጀምራለሁ። ለአክስቴ ብቻ ነው የነገርኳት። ይሄኛው የኔ ነው።»

ልጄ ገና ስታመለክት እህቴ ደግሞ ለእኔ ነግራኛለች። የመነጽር ቤቱ ባለቤት ከአሥር ዓመት በፊት ተማሪዬ ነበር። ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው ደውዬለት፣ «ልጄ ናት፣ እያት» ብዬዋለሁ።

ወረቀቱ ላይ «ጠያቂው ይጽፋል ብቻ» የሚለውን አየሁ። በዚያ ተደገፍኩና ዝም አልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት እንደዚህ ነው።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መምህሯ፣ ሁለት ነገሮች ተከታትለው ስለመጡ ብቻ አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይቻልም ብላ አስተማረች። ከእንቅልፌ የነቃሁ መሰለኝ። ስንወጣ በረንዳው ላይ ያዝኳት።

«አንድ ሰው ደወለ እንበል። ከዚያ ሌላ ሰው ሥራ አገኘ። በመደወሉ ይሁን በችሎታ እንዴት ይታወቃል?»

«ሁለት ቡድን ያስፈልጋል። ለአንዱ ይደወላል፣ ለሌላው አይደወልም፤ ከዚያ ይነጻጸራል።»

«ያለችኝ አንድ ልጅ ናት።»

መምህሯ ደብተሮቿን ደረቷ ላይ ያዘች። «እንግዲያው አይታወቅም፣ ጋሼ» አለችኝ።

ይህን ለመስማት ነው የተመዘገብኩት? እግሬ በቀጥታ ወደ መነጽር ቤቱ ወሰደኝ። ባለቤቱ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ።

«ልጄን የቀጠርካት ስለደወልኩ ነው?»

«እንዴታ! ለእርስዎ ብዬ ነው እንጂ።»

«ባልደውልስ አታልፍም ነበር?»

«ኧረ ጎበዝ ልጅ ናት!»

«ታዲያ ጎበዝ ስለሆነች ነዋ።»

«አይ፣ ለእርስዎ ብዬ ነው፣ ጋሼ። እርስዎ ለእኔ አባት ነዎት።»

ትሕትናው አላላውስ አለኝ። ሰው አክብሮህ የሚናገረውን ምን ብለህ ትመረምራለህ? እውነቱን እሱም የሚያውቀው አልመሰለኝም። ስገባ ከነበረው ይልቅ ግራ ገብቶኝ ወጣሁ።

ባለቤቴ ዝም በል አለችኝ። «ገና ማውራት ስትጀምርልህ? ሰኞ ትግባ፣ ትሥራ፣ ደስ ይበላት። አንተ ልብህን ልታሳርፍ የእሷን አታውክ።» እውነቷን ይሆናል። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ብነግራት ለእሷ ይሁን ለእኔ መለየት አቃተኝ። ባልነግራት ግን በየወሩ ደመወዝ ተቀብላ «የኔ ነው» ባለች ቁጥር እሷ የማታውቀውን እኔ አውቃለሁ። ይህ ደግሞ ያው የበፊቱ ነው።

እሑድ ከሰዓት እህቴ ቤት ሄድኩ። ነጭ የሥራ ጋዋኗን እየተኮሰች ነበር። ቁጭ ሳልል ነገርኳት።

«መቼ ነው የደወልከው?»

«ፈተናሽ ሦስት ቀን ሲቀረው።»

ካውያውን አቆመችው። «ባትደውልስ አልፍ ነበር?»

«አላውቅም። ሰውየውንም ጠየቅሁት። እሱም አያውቅም።»

«ታዲያ ለምን ነገርከኝ?»

መጽሐፉን ሙሉ አንብቤ መልስ አላገኘሁለትም። «ግራ ገብቶኝ ነው፣ ልጄ» አልኳት። ይቅርታም ጠየቅኳት፤ መስማቷን እንጃ። ጋዋኑን አጠፈችው፣ በሩን ከፈተችልኝ፣ እኔም ወጣሁ። ደረጃው ላይ አልቅሻለሁ፤ ምን ያሳፍራል።

ከዚያ ዘጠኝ ቀን ከራሷ ምንም አልሰማሁም። ሰኞ ጠዋት ወጥታ እኩለ ቀን ሳይሆን ተመልሳለች ያለችው እህቴ ናት፤ ከዚያ በላይ እንዳትናገር ተነግሯታል። ወደ መነጽር ቤቱ ለመደወል እጄ እየሄደ አስቸገረኝ። በመጨረሻ የባለቤቱን ቁጥር ከስልኬ አጠፋሁት። ቁጥሩን በቃሌ እንደማውቀው ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ማክሰኞ ኮሌጁ ኮሪደር ላይ የመጨረሻውን ፈተና ለመግባት ስጠብቅ ስልኬ ጮኸ።

«አባዬ።»

«ወዬ!»

«ሰኞ ዕለት ሥራውን አልጀመርኩም። አንተን በማያውቅ ሰው እንደገና አስፈትኑኝ አልኳቸው። ከሌላኛው ቅርንጫፋቸው አንዲት ባለሙያ መጣችና ዛሬ ፈተነችኝ።»

«እና?»

«ወደቅኩ። ሁለት ሌንስ ሰበርኩ።»

ሦስት መነጽር ቤት ያለው ሌላ ሰው አውቃለሁ። ስሙ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግድግዳውን ተደግፌ ዋጥኩት።

«አዘንኩ» አልኳት።

«እኔም በጣም አዝኛለሁ» አለች። ማልቀሷ ከድምጿ ያስታውቃል። አፍንጫዋን ጠረገች። «ሁለተኛው ግን ለምን እንደተሰበረ ገብቶኛል። ብሎኑን ከልክ በላይ አጥብቄው ነው። ሴትዮዋ ሳትነግረኝ ነው የገባኝ።»

መምህሯ በሩን ከፍታ በእጇ ግቡ አለች። ሌሎቹ ገቡ። እኔ ቆምኩ።

«በሚቀጥለው ወር ሌላ ቦታ ማስታወቂያ አለ፤ እፈተናለሁ» አለች ልጄ።

«የት?»

ሳቀች፤ ከቤት ከወጣች ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ሳቋ ነው።

«አልነግርህም» አለችኝ።

እሺ አልኳት። ሁለተኛ አልጠየቅኳትም።